ሁለት መቶ የተባለው ቁጥር፤ የቲ ሴልና የኤችአይቪ ታሪክ በሦስት መንገዶች



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ቁጥር ታሪክ ነው። ቁጥሩ 200 ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኙት ሲዲ 4 የተባሉ ቲ ሴሎች ከ200 በታች ሲሆኑ ሰውየው በጽኑ አደጋ ላይ ነው፣ ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ጊዜ አለው የሚለው አስተሳሰብ በአገራችን ለብዙ ሺህ ሰዎች የመድኃኒቱን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ሲለካስ በማን ደም ተለካ? ስለ እኛ ደም የምናውቀውን ያህል ተጠቅመንበታል ወይ? በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካላመለከትሁ በስተቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችሁ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተመላለሳችሁ እንደምትማሩ አውቃለሁ። እኔም የሰበታ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ታሪኩን ከፓሪስ ወይም ከሎስ አንጀለስ ሳይሆን፣ ከእነዚህ ከተሞች ወደ አዲስ አበባ በሚያስገቡን ሦስት መንገዶች እጀምራለሁ።

የመጀመሪያው የሰበታ መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ወደ ከተማው ስንገባ በዘነበወርቅ ሰፈር የአለርት ሆስፒታልን እናገኛለን። በልጅነታችን አውቶቡሱ በዚያ ሲያልፍ አንዳንድ ተሳፋሪዎች በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይሸፍኑ ነበር። ሥጋ ደዌ በነፋስ የሚይዝ ይመስላቸው ነበርና። በዚያው ግቢ በ1970 ሥራውን የጀመረው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ግን ያንን ፍርሃት በቤተ ሙከራ እየመረመረ ነበር። የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ኖርዌያዊው ቶሬ ጎዳል ከባልደረቦቻቸው ጋር የጠየቁት ጥያቄ በቀላል አማርኛ ይህ ነበር፦ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ የአንዱን ሰው ቆዳ በጥቂቱ ብቻ ነክቶ ሲቆም፣ ሌላውን ስለ ምን መላ አካሉን ይወርሰዋል?

ጊዜው ሳይንስ ቲ ሴልን ገና በስሙ መጥራት የጀመረበት ነበር። ከደረት አጥንት በስተጀርባ የምትገኘው ታይመስ የተባለችው እጢ የአንድ ወገን ነጭ የደም ሕዋሳት ማሠልጠኛ መሆኗ የታወቀው በ1960ዎቹ ነው። ቲ የሚለው ስያሜም የመጣው ከዚህችው እጢ ስም ነው። በዘነበወርቅ የተገኘው መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ በሽታው በመላ አካላቸው በተሠራጨባቸው ሰዎች ዘንድ እነዚህ ሕዋሳት የሥጋ ደዌውን ባክቴሪያ ሲያገኙ አይነቁም፤ በሽታው በተወሰነ ቦታ በቆመላቸው ዘንድ ግን ይነቃሉ፣ ይባዛሉ። በ1973 ደግሞ ጎዳልና ነጋሲ ባሳተሙት ጥናት፣ ከታማሚዎች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ በሥራ ከተነካኩት ጤነኛ ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ሕዋሳታቸው ባክቴሪያውን እንደሚያውቁት ታየ። ባክቴሪያው ነክቷቸዋል፤ ነገር ግን አልታመሙም። የተቋሙ ደጃፍ በሽሽት ሲታለፍ፣ በውስጡ የሚሠሩት ሰዎች ደም ሽሽቱ ከንቱ እንደ ነበር ይመሰክር ነበር።

ይህን ያነሣሁት በአንድ ምክንያት ነው። ኤችአይቪ ወደ አገራችን ሲገባ የቲ ሴል ምርምር ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ተተክሎ ነበር።

በ1981 ሰኔ ወር ከሎስ አንጀለስ የአምስት ወጣት ወንዶች ሕመም ተዘገበ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ የሁሉም የጋራ ምልክት ረዳት የሚባሉት ቲ ሴሎች መመናመን መሆኑ ታወቀ። በ1983 ቫይረሱ በፓሪስ ተለየ። በ1984 ደግሞ ቫይረሱ ወደ ሕዋሱ የሚገባበት በር ሲዲ 4 የተባለው ሞለኪውል መሆኑ ተረጋገጠ። በኢትዮጵያም በዚሁ በ1984 ከተቀመጠ ደም ውስጥ የቫይረሱ ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱ ኋላ ላይ በተደረገ ምርመራ ታውቋል፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች የተመዘገቡት ደግሞ በ1986 ነው። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ የተወሰደ አንድ ቫይረስ ሙሉ የዘር ቅደም ተከተሉ በ1996 ታትሞ፣ ሲ ለተባለው ዝርያ የዓለም ማመሳከሪያ ከሆኑት አንዱ ሆኗል። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት የኤችአይቪ ተጠቂዎች ግማሽ ያህሉ የተያዙት በዚሁ በሲ ዝርያ ነው።

ቫይረሱ በቲ ሴሎች ላይ የሚያደርሰውን በቅደም ተከተል ልግለጽ። ቫይረሱ ሲዲ 4ን ከያዘ በኋላ ሲሲአር 5 የተባለ ሁለተኛ መያዣ ይፈልጋል። ይህ ሁለተኛው መያዣ በብዛት የሚገኘው ቀድሞ ከበሽታ ጋር በተዋወቁት፣ ትውስታ ባላቸው ሕዋሳት ላይ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ደግሞ በገፍ የሚኖሩት በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዋናው እልቂት የሚካሄደው በአንጀት ነው፤ ከክንድ የሚቀዳው ደም ግን የዚያን ጊዜ ብዙ አይናገርም። ቀጥሎ ሲዲ 8 የተባሉት ገዳይ ቲ ሴሎች ይነሣሉ፣ ይበዛሉ፣ ቫይረሱንም ወደ አንድ የተወሰነ መጠን ያወርዱታል። ሰውየው ጤነኛ መስሎ ዓመታት ይኖራል። ይሁን እንጂ ሰላሙ የእውነት ሰላም አይደለም። የተጎዳው የአንጀት ግድግዳ የባክቴሪያ ስባሪ ወደ ደም ያሳልፋል፤ ቲ ሴሎቹም ያለ እረፍት እየነቁ፣ እየተባዙ፣ እየሞቱ ይቀጥላሉ። ለረጅም ጊዜ የተዋጉት ይዝላሉ። በ2006 በደቡብ አፍሪካ ደርባን በተካሄደ ጥናት፣ የዛሉት ሲዲ 8 ሕዋሳት የመገታት ምልክት በላያቸው ተሸክመው ተገኝተዋል። እንግዲህ በኤችአይቪ የሕዋሳቱ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ጠባያቸውም ይለወጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የቡራዩ ነው። ከቡራዩ በአስኮና በዊንጌት አድርገን ወደ ፒያሳ ስንወርድ ፓስተር የምንለውን ሰፈር እናገኛለን። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል በነበረው በዚያ ግቢ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ቤተ ሙከራውን አቋቋመ። ፕሮጀክቱ በአቃቂ በሚገኝ ፋብሪካና በወንጂ የስኳር ልማት የሚሠሩ ሠራተኞችን በፈቃደኝነት መዝግቦ በየጊዜው ጤናቸውንና ደማቸውን ይመረምር ነበር።

ለዚህ ሥራ መጀመሪያ ያስፈለገው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ቫይረሱ የሌለበት ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ስንት ሲዲ 4 ሕዋስ አለው? በ1999 እነ አስቴር ፀጋዬ ያሳተሙት መልስ አነጋጋሪ ነበር። ከቫይረሱ ነጻ የሆኑ 142 ኢትዮጵያውያን በአማካይ 775 ሲዲ 4 ሕዋሳት ሲኖሯቸው፣ ለማነጻጸሪያ የተወሰዱት 1,356 ሆላንዳውያን ደም ለጋሾች አማካይ 993 ነበር። በአንጻሩ የእኛ ሲዲ 8 ከፍ ያለ ነበር። በዚያው ዓመት እነ ፀሐይነሽ መሰለ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የልዩነቱን ጠባይ ገለጠ፦ በጤነኞቹ ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ ገና በሽታ ያልገጠማቸው ጀማሪ ሕዋሳት ጥቂት፣ የነቁት ግን ብዙ ነበሩ። ልብ በሉ፤ ይህ ኤችአይቪ በሌለባቸው ሰዎች ነው። ሰውነታችን ከቫይረሱ በፊትም በዘብ ላይ የቆመ ነበር።

ለምን? መልሱን በከፊል የሰጡን ከአገር የወጡ ወገኖቻችን ናቸው። በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል የተሻገሩትን ቤተ እስራኤላውያን ያጠኑት ዝቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቻቸው፣ አዲስ በገቡት ሰዎች ላይ ይህንኑ የነቃ ጠባይ አገኙ፤ ከሆድ ትላትል ጋር የተያያዘ መሆኑንም በ1998 አሳተሙ። አባቶቻችን ኮሶ በየጊዜው የሚጠጡት ያለ ነገር አልነበረም፤ ምንም እንኳ ኮሶ የሚያወጣው ትል ሁሉንም የሆድ ትላትል ባያጠቃልል። በ2002 እነ ዳዊት ወልዳይ በአዲስ አበባ ባደረጉት ጥናት ትላትላቸው በመድኃኒት የወጣላቸው የኤችአይቪ ታማሚዎች የቫይረስ መጠን ዝቅ ብሎ ታየ። ተስፋው ግን በጥንቃቄ መያዝ ነበረበት። በኬንያ ተካሂዶ በ2012 የታተመ ሰፊ የዕጣ ሙከራ፣ ለሁሉም በጅምላ የሚሰጥ የትላትል መድኃኒት የኤችአይቪን መግፋት እንዳላዘገየ አሳይቷል። ለተማሪዎቼ ይህን የምነግራቸው ሐሳቡን ለማጣጣል አይደለም። አንድ ነገር ከሌላው ጋር አብሮ መገኘቱና አንዱ ሌላውን ማምጣቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንዲያዩ ነው።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚያስተምረኝ ግን በ2005 እነ ያሬድ መኮንን ያሳተሙት ነው። ስጋቱ ግልጽ ነበር፤ ኢትዮጵያዊው ከዝቅተኛ ቁጥር ስለሚነሣ ወደ ኤድስ ፈጥኖ ይደርሳል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኞቹ ክትትል ግን ከመያዛቸው በፊት የነበራቸው ዝቅተኛ ቁጥር የበሽታውን ግስጋሴ እንዳላፋጠነው አሳየ። የእነርሱ ሲዲ 4 ቁልቁል የሚወርደው በዝግታ ነበር። ስለዚህ በአምስተርዳም 400 የሚለው ቁጥርና በአቃቂ 400 የሚለው ቁጥር አንድ ታሪክ አይናገሩም።

የቡራዩ ልጆች የገፈርሳን ግድብ ታውቁታላችሁ። ውኃው የቆመበትን ከፍታ ብቻ አይታችሁ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ ልትናገሩ አትችሉም። የሲዲ 4 ቆጠራም እንዲሁ ነው። በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ሊምፎሳይቶች በመላ ሰውነት ካሉት 2 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ከዚያች ትንሽ ክፍል ተነሥተን ነው የሰውን ዕጣ የምንናገረው።

አሁን ወደ 200 ልመለስ። ይህ ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1990 በአሜሪካ በግብረ ሰዶማውያን ወንዶች ላይ በተካሄደ የረጅም ጊዜ ክትትል፣ ኒሞሲስቲስ የተባለው የሳንባ ምች የሚበረታው ሲዲ 4 ከ200 ሲያንስ መሆኑ ታየ። በ1993 ያው ቁጥር በዚያ አገር የኤድስ መለያ ሆነ። ለዚያ ሕዝብና ለዚያ በሽታ ትክክለኛ ነበር። በእኛ አገር ግን ቀዳሚው ገዳይ ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ ደግሞ 200 እስኪደርስ አይጠብቅም። በ300ም፣ በ500ም ይመጣል።

እዚህ ላይ የግል ነገር እንድናገር ፍቀዱልኝ። በ1998 ዓ.ም.፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ቡራዩ ትኖር የነበረች የአክስቴ ልጅ ተመርምራ ውጤቷን ይዛልኝ መጣች። ነጻው መድኃኒት በአገራችን ከተጀመረ ከጥር 1997 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ዓመት ተኩል አልሞላም። ወረቀቱን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠችኝ። 231 ይላል። «ጋሼ፣ ገና ነሽ አሉኝ፤ በስድስት ወር ተመለሺ አሉኝ» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። እኔም፣ በዘርፉ ያስተማርሁ ሰው፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኋት። የዚያ ጊዜው መመሪያ ምልክት ለሌለው ሰው የሚያዝዘው ይህንኑ ነበርና ያዩዋት ባለሙያዎች ከመመሪያው አልወጡም። በአራተኛው ወር በማጅራት ሳንባ ነቀርሳ ሞተች። የምሸከመው ጥፋት የመመሪያው ሳይሆን የራሴ ነው። 775 የሚለው ጽሑፍ ከታተመ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ እኔ ግን ከውጭ መጽሐፍ የቀዳሁትን ልክ ነበር የማስተምረው። ሳል እንዳላት፣ ሌሊት ያልባት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኋትም። ቁጥሩን አየሁ፤ እርሷን አላየኋትም።

ታሪኩ ከዚያ በኋላ የሄደው ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መነሻውን በ2010 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ አደረገ። በ2015 ሁለት ሙከራዎች ክርክሩን ዘጉት። አንደኛው በ35 አገሮች የተካሄደው ስታርት፣ ሁለተኛው በኮት ዲቯር የተካሄደው ቴምፕራኖ ነው። የኮት ዲቯሩ ሙከራ የአፍሪካን ዋና በሽታ፣ ሳንባ ነቀርሳን፣ ከመለኪያዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ሁለቱም ሕክምናን ቶሎ መጀመር ከባድ ሕመምን እንደሚቀንስ አሳዩ። በዚያው ዓመት ድርጅቱ ለተመረመረ ሁሉ መድኃኒት ይሰጥ አለ፤ ኢትዮጵያም ተከተለች። 200 የመድኃኒት በር መሆኑ ቀረ።

ሦስተኛው መንገድ የሱሉልታ ነው። ከሱሉልታ ወደ ከተማው ስንመለስ የእንጦጦን ሰንሰለት እንሻገራለን። በዚያ ተራራ ላይ ያለው የኪዳነ ምሕረት ጸበል መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ለብዙ ሺህ ሕሙማን መጠጊያ ሆኗል። ያን ማቃለል አይገባም፤ ሌላው ሁሉ ሲሸሻቸው የተቀበላቸው ሥፍራ ነበር። መድኃኒቱ ሲመጣ ግን አንዳንዶች ጸበል ከገቡ በኋላ መድኃኒታቸውን አቋረጡ። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ አሳሰቡ። የሳይንሱም ድምፅ በዚያው ጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። በ2006 የታተመው ስማርት የተባለ ጥናት፣ ሲዲ 4 ከ350 ሲበልጥ መድኃኒት እያቆሙ፣ ከ250 ሲያንስ እንደገና መጀመር ሕመምንና ሞትን ከእጥፍ በላይ እንደሚጨምር አረጋግጦ ነበር። ምክንያቱ ከ1997 ጀምሮ ይታወቃል። ቫይረሱ ዘሩን በአንቀላፉ፣ ትውስታ ባላቸው ሲዲ 4 ሕዋሳት ውስጥ ደብቆ ያኖራል፤ መድኃኒቱ አይደርስበትም፤ ሕዋሱ በነቃ ቀን ቫይረሱም አብሮ ይነቃል። በመድኃኒት ላይ ያለ ሰው ሲዲ 4 ይወጣል፣ ቫይረሱም በምርመራ እስከማይታይ ይወርዳል። የተደበቀው ግን ይቆያል። እንግዲህ ቁጥር ስለ ወረደ ብቻ አትደንግጡ እንዳልሁ ሁሉ፣ ቁጥር ስለ ወጣ ብቻ መድኃኒት አታቁሙ እላለሁ።

ልደምድም። ከአቃቂና ከወንጂ ሠራተኞች የተማርነው ነገር የእኛ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ቲ ሴሎችን የሚያመነምናቸው የቫይረሱ ጥቃት ብቻ ሳይሆን የማያቋርጠው መንቃት ጭምር መሆኑን ዓለም ዛሬ የሚቀበለው፣ እንዲህ ካሉ ጥናቶች ጋር በተደመረ ማስረጃ ነው። እነዚያ ሰዎች ደማቸውን የሰጡት በአምስተርዳም የተዋሐዱት መድኃኒቶች ከ1996 ጀምሮ ሲሰጡ፣ በእነርሱ አገር ግን ገና ባልነበሩበት ዘመን ነው። መድኃኒቱ በክፍያ የገባው በ2003 ነው፤ በነጻ መሰጠት የጀመረው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ከእነርሱ መካከል ያን ቀን ያላዩት አሉ። ስማቸውን አናውቅም፤ ማወቅም አይገባንም። በሰንጠረዥ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ነጥብ ግን ማለዳ ሥራ ከመግባቱ በፊት ክንዱን የዘረጋ ሰው ናት።

ዛሬ የሥርጭቱ መጠን በአዋቂዎች ዘንድ ከ1 በመቶ በታች ሆኗል፤ ለሁሉም መድኃኒት ስለሚሰጥም የሲዲ 4 ቆጠራ አያስፈልግም የሚሉ ድምፆች ይሰማሉ። ይህ ስሕተት ነው። በጣም ዘግይቶ የሚመጣውን ሰው ለይተን ከሳንባ ነቀርሳና ከማጅራት ገትር የምንጠብቀው በዚያው ቆጠራ ነው። ቁጥሩ የሕክምና በር ጠባቂ መሆኑ መቅረቱ ተገቢ ነው፤ የአደጋ ደወል መሆኑ ግን መቀጠል አለበት።

ከመካከላችሁ ነገ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ጤና ጣቢያ ወረቀት የሚቀበል ይኖራል። ወረቀቱን ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ። ይህ ልክ በማን ደም ተለካ? ወረቀቱን ያመጣው ሰውስ ሌሊት ያልበዋል ወይ? የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ የራሳችን ሰዎች የጻፉት አለና አንብቡት። ሁለተኛውን ለመመለስ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል።